ኦነሲሞስ ነሲብ

ኦነሲሞስ ነሲብ (1856 ገደማ – ጁን 21 ቀን 1931 እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙ ኢትዮጵያዊ የወንጌል ሰባኪና መምህር ነበሩ። የልደት ስማቸው ሂካ ሲሆን ትርጉሙ በኦሮምኛ «የሚፈታ፣ የሚተረጉም» ማለት ነው። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ባርነት

ኦነሲሞስ የተወለዱት በኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ ነው። አባታቸው የሞቱት እርሳቸው የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ ነበር። በኋላ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በጻፉት የሕይወት ታሪክ እንደ ገለጹት፣ በ1869 የባሪያ ነጋዴዎች አፍነው ወሰዷቸው፤ ስምንት ጊዜም ከጌታ ወደ ጌታ ተላለፉ። በ1870 ምጽዋ ላይ ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ በእምኩሉ ለሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጣቸው።

በማርች 31 ቀን 1872፣ በፋሲካ ዕለት፣ ተጠመቁ። የክርስትና ስማቸው ኦነሲሞስ ሆነ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ የሚገኘው ባሪያ ስም ነው። ከዚያም ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐንሉንድ አምስት ዓመት ተማሩ።

ወደ አገራቸው ለመድረስ ያደረጉት ሙከራ

ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ሄዶ ማስተማር ነበር። ሆኖም በ1881 በሱዳን በኩል የተደረገው ጉዞ ሳይሳካ ቀረ። በ1886 ደግሞ እስከ እንጦጦ ቢደርሱም ከዚያ ማለፍ አልቻሉም። ስለዚህ ወደ እምኩሉ ተመልሰው በአካል ያልደረሱበትን አገር በመጽሐፍ ለመድረስ ተነሡ።

የትርጉም ሥራ

ኦነሲሞስ ከትውልድ አገራቸው በልጅነት ስለ ተለዩ፣ የሚያውቁት ኦሮምኛ ለዚህን ያህል ሥራ የሚበቃ አልነበረም። ይህን ጉድለት የሞሉት እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጡት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር ለትርጉሙ የሚያስፈልጉትን ቃላት ከማቅረባቸውም በላይ አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ከትዝታቸው ጽፈዋል። ከነዚህ ከፊሉ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል።

አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ታትሟል። ጽሕፈቱ በግዕዝ ፊደል ነበር።

በትርጉሙ ለእግዚአብሔር የተመረጠው ስም «ዋቃዮ» ነው። ይህ ስም ሚሲዮናውያን ያመጡት ሳይሆን ኦሮሞ ከጥንት ጀምሮ ፈጣሪን የሚጠራበት ነው። በዚህም ምክንያት ኦሮምኛ ተናጋሪው ስለ ክርስቶስ ሲሰማ ስለ አዲስ አምላክ ሳይሆን አባቶቹ ይለምኑት ስለነበረው ፈጣሪ እንደሚነገረው አድርጎ ሊረዳው ቻለ። ቃሉ ግን የቀድሞውን ልማድና ትርጉም ይዞ ስለሚመጣ፣ አዲሱን ትምህርት ከቀድሞው ለይቶ ማስረዳት የሰባኪው ሥራ ሆነ።

በነቀምት

በ1904 ኦነሲሞስ ከአስቴርና ከሌሎች ኦሮሞዎች ጋር ወለጋ ገቡ። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። እዚያም ትምህርት ቤት ከፍተው በኦሮምኛ ማስተማርና መስበክ ጀመሩ።

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ቋንቋ ግዕዝ ነበር፤ በአካባቢው የነበሩት ካህናትም ኦሮምኛ አያውቁም ነበር። በመሆኑም ካህናቱ የማይሰሙት ስብከት ሕዝቡን መሳቡ ጥርጣሬና ቅራኔ አስነሣ። ኦነሲሞስ እመቤታችን ማርያምን ተሳድበዋል ተብለው ተከሰሱና በሜይ 1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። አቡኑም እንዲጋዙ ፈረዱ። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ይሁን እንጂ እንዳይሰብኩ ከለከሏቸው። ከዚያ በኋላ ለዐሥር ዓመት ያህል ሥራቸው በትምህርት ቤቱ ተወሰነ።

በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦነሲሞስ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እየሰበኩና መጻሕፍቶቻቸውን እያሠራጩ ኖሩ።

ቅርስ

የ1899ኙ መጽሐፍ ቅዱስ ከኦሮምኛ የጽሑፍ ሥራዎች መካከል ከቀደምቶቹና ከታላላቆቹ አንዱ ነው። የወለጋ ወንጌላውያን ማኅበረ ምእመናን በ1959 ለተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና መሠረት ከሆኑት መካከል ናቸው። በአሜሪካ የምትገኘው ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንም ኦነሲሞስን በያመቱ ጁን 21 ቀን ታስባቸዋለች።