ጆን ሮቢንሰን፦ ከጽዳት ሠራተኝነት እስከ አየር ኃይል አዛዥነት

የጦር አውሮፕላን ቅርጽ አሳንሶ በእጅ መሥራትና በሬዲዮ እየመሩ ማብረር ዛሬ በብዙ አገሮች የወጣቶች የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ክንፉ ከቀላል አረፋ ይቆረጣል፤ አፍንጫው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይታሰራል፤ ሆዱ ውስጥ የሊቲየም ባትሪ ይቀመጣል። መሬት ላይ የቆመው ሰው በእጁ ከያዘው መሣሪያ የሚላከው የሬዲዮ ምልክት ትንንሽ ሞተሮችን እያንቀሳቀሰ የክንፉንና የጭራውን መቅዘፊያ ያዛል። ሥራው ጨዋታ ቢመስልም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባትሪው ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ከተቀመጠ የክብደቱ ማዕከል ይዛባና አውሮፕላኑ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ አፍንጫውን ወደ ላይ ሰቅሎ ይወድቃል። በዚህ በምንኖርበት አገር ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው አልባ በራሪ ወደ አየር ከማንሣት አስቀድሞ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው።

የበረራ ነገር ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንዳሉስ ምድር፣ በቆርዶባ ከተማ፣ ዐባስ ኢብን ፊርናስ የተባለው ሊቅ ክንፍ አበጅቶ ከከፍታ ቦታ እንደበረረ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ለጥቂት ጊዜ በአየር ላይ ከቆየ በኋላ ሲያርፍ ክፉኛ ተጎዳ፤ ምክንያቱም ለክንፉ ሲያስብ ጭራውን ዘንግቶ ነበር ይባላል። ዛሬም ሞዴል የሚሠራ ልጅ ሁሉ ያንኑ ትምህርት ይማራል፤ ወደ ላይ የሚያነሣው ክንፍ ነው፤ ሚዛን ጠብቆ በደህና የሚያሳርፈው ግን ጭራው ነው።

ዛሬ የምናነሣቸው ሰው ግን ከዘመናችን ቅርብ ናቸው። በገዛ እጃቸው በሠሯት ትንሽ አውሮፕላን የሙያውን በር ከፍተው፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ለኢትዮጵያ ነጻነት የበረሩት ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ናቸው። የዘመኑ ጋዜጦች በትልቁ የአሜሪካ አሞራ ስም ቡናማው ኮንዶር ይሏቸው ነበር።

ሮቢንሰን የተወለዱት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፍሎሪዳ ግዛት ነው። አባታቸው በሕፃንነታቸው ስለሞቱ እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው በሚሲሲፒ ግዛት ወደምትገኘው የባሕር ዳር ከተማ ወደ ጋልፍፖርት ሄዱ። የእንጀራ አባታቸው የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ ነበሩ። ጆን ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በዚያች ከተማ የወረደ አንድ አውሮፕላን አይቶ ልቡ በዚያው እንደቀረ ይነገራል። ነገር ግን በዚያ ዘመን፣ በዚያ ምድር፣ አንድ ጥቁር ልጅ አብራሪ እሆናለሁ ማለቱ ከቅዠት ይቆጠር ነበር። ጥቁሮች የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ የሚቀመጡበት የባቡር ፉርጎ፣ ውኃ የሚጠጡበት ቧንቧ ሳይቀር በሕግ የተለየ ነበር።

ወላጆቻቸው ካላቸው ላይ ቆጥበው በአላባማ ወደሚገኘው ወደ ተስኪጊ ኢንስቲትዩት ላኳቸው። በዚያም የመኪና ጥገና ተማሩ። ትምህርታቸውን ፈጽመው ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን አቀኑ፤ በመጨረሻም በቺካጎ ተቀምጠው በመካኒክነት ኑሯቸውን መሠረቱ። ሞተር በእጃቸው ገብቶ ነበር፤ የቀራቸው ሰማዩ ነው።

በቺካጎ የነበረው የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ግን ማመልከቻቸውን አልተቀበለም። ሮቢንሰን ፊት ለፊት የተዘጋውን በር በጓሮ ዞሩት። በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ማታ ማታ ክፍሉን እየጠረጉ መምህሩ የሚያስተምረውን ያዳምጣሉ፤ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀረውን ጽሑፍ ከማጥፋታቸው በፊት ይገለብጣሉ። የሰሙትንና የገለበጡትን ይዘው ከወዳጃቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊና ከሌሎች ባልንጀሮቻቸው ጋር ያጠኑ ነበር።

ከዚያም ቀለሙን ወደ ሥራ ለወጡት። ተገጣጥማ የምትሠራ ባለ አንድ መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ዕቃዎቿን አሰባስበው፣ የሞተር ብስክሌት ሞተር ገጥመውላት፣ በገዛ እጃቸው ሠሩ። እንዲህ ያለችው አውሮፕላን የዛሬዎቹ ሞዴሎች ታላቅ እኅት ናት ቢባል ስሕተት የለበትም፤ ልዩነቱ በሞዴሉ ስሕተት የሚሰበረው አረፋ ሲሆን በእርሷ ስሕተት የሚጠፋው የሰው ነፍስ መሆኑ ነው። ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ አውሮፕላኗን መርምሮ፣ ሞክሮም አበረራት። ሥራው ራሱ ስለ ሠሪዎቹ መሰከረ። ትምህርት ቤቱ ሮቢንሰንንና ኮፊን ተቀበለ፤ እ.ኤ.አ. በ1931ም በአውሮፕላን መካኒክነት ተመረቁ።

የተከፈተላቸውን በር ግን ለብቻቸው አልገቡበትም። ወዲያው የጥቁር አብራሪዎችን ማኅበር አቋቋሙ። በከተማው ያሉት የአውሮፕላን ሜዳዎች ስለማይቀበሏቸው ሮቢንስ በተባለችው የጥቁሮች መንደር በገዛ ጉልበታቸው ሜዳ ጠርገው የአውሮፕላን ማደሪያ ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ ማዕበል አፈረሰባቸው፤ እነርሱ ግን ሌላ ቦታ ፈልገው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1934 ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ወደ ተስኪጊ በርረው የበረራ ትምህርት እንዲከፈት መከሩ። ምክራቸው ወዲያው ባይፈጸምም ከዓመታት በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የገነነው ጥቁር የጦር አብራሪዎች የወጡት ከዚያው ሥፍራ ነው።

በዚህ ጊዜ በኢትዮጵያ አቪዬሽን ገና በእንጭጩ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው ፈረንሳይ ሠራሽ፣ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1929 ነው። በዓመቱ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ነገር ግን አብራሪውም ሆነ አውሮፕላኑ በጣት የሚቆጠር ነበር። በሰሜንና በምሥራቅ ድንበር የፋሺስት ጣሊያን ጦር ሲከማች አገሪቱ በቂ የአየር መከላከያ አልነበራትም።

የሮቢንሰንና የኢትዮጵያ ግንኙነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 መጀመሪያ ነው። በዋሽንግተን ሕክምና ይማሩ የነበሩት የንጉሡ ዘመድ ዶክተር መላኩ በያን ስለ ሮቢንሰን ሙያ ሰምተው አነጋገሯቸው፤ ግብዣውም ከአዲስ አበባ ደረሰ። ግብዣውን መቀበል ቀላል አልነበረም። ቺካጎ ውስጥ የለፉበት ሥራ፣ ያስተማሯቸው ተማሪዎችና ቤተሰባቸው ነበሩ። ከዚያም በላይ ቀደም ብሎ የመጣ ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ እ.ኤ.አ. በ1930 የንጉሡን አውሮፕላን ከስክሶ ስለነበር እምነቱን እንደገና ማትረፍ የሮቢንሰን ዕዳ ነበር። በግንቦት ወር ተነሥተው አዲስ አበባ ገቡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ችሎታቸው ታይቶ በኮሎኔልነት ማዕረግ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ።

የተረከቡት ኃይል ከሁለት ደርዘን ያልበለጠ ልዩ ልዩ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። ብዙዎቹ ያረጁ፣ መሣሪያ ያልታጠቁ፣ መለዋወጫ የሌላቸው ነበሩ። ጠላት ግን ዘመናዊ አውሮፕላኖችን በመቶ አሰልፎ ነበር። በመሆኑም የሮቢንሰን ሥራ በአየር ላይ ተኩስ መግጠም አልነበረም፤ መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር ማመላለስ፣ ከዚያም የጠላትን አሰላለፍ አይቶ መመለስ ነበር። የጠላት አውሮፕላን ሲያጋጥማቸው መከላከያቸው ተራራው፣ ሸለቆውና ደመናው ነበሩ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ይደክማል፤ ክንፍም የሚሸከመው ክብደት ያንሳል። በዚህ አየር ላይ ያረጀ አውሮፕላን ይዞ ከፈጣን ተዋጊ ማምለጥ ታላቅ ጥበብ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ዐድዋን በቦምብ ሲደበድቡ ሮቢንሰን በከተማይቱ ውስጥ ነበሩ። ያዩትን እልቂት ይዘው ወደ አዲስ አበባ በርረዋል። በቀጣዮቹ ወራት ጠላት መርዝ ጋዝ ከአየር ሲረጭ እርሳቸውም የጋዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ በጥይትም ቆስለዋል። ሆኖም እስከ ጦርነቱ መገባደጃ ድረስ ከበረራ አልታቀቡም።

በዚያው በጭንቅ ዘመን በአዲስ አበባ አጠገብ በአቃቂ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአገር ውስጥ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ገጣጥመው አበረሩ። በንጉሡ ልጅ ስም ፀሐይ ተባለች። ወራሪው ኃይል አዲስ አበባን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲይዝ አውሮፕላኗም ተማረከች፤ ወደ ጣሊያን ተወስዳ ለረጅም ዓመታት በሙዚየም ቆማ ከኖረች በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ሮቢንሰን ከተማይቱ ከመውደቋ ጥቂት ቀደም ብለው ወጡ። ኒውዮርክና ቺካጎ ሲደርሱ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። ለጥቁር አሜሪካውያን በአንድ ነጻ የአፍሪካ አገር የአየር ኃይል የመራ ወንድማቸው ነበሩ። እርሳቸው ግን ዝናውን ወደ ሥራ መለሱት፤ በቺካጎ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመርም ለአሜሪካ አየር ኃይል መካኒኮችን አስተማሩ።

ኢትዮጵያ ከወራሪ ነጻ ከወጣች በኋላ የቀረው ሥራ ትዝ ይላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ጥቂት ባለሙያ ባልንጀሮቻቸውን አስከትለው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ የመጡት ለውጊያ አይደለም፤ ወጣቶችን በረራና ጥገና ለማስተማር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ አገሪቱ ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ የሚያውቁ የራሷን ልጆች ማፍራት ጀምራ ነበር፤ በዚህም የሮቢንሰን እጅ አለበት።

መንገዳቸው ሁልጊዜ አልጋ በአልጋ አልነበረም። አየር ኃይሉን እንዲያደራጁ ከመጡት ስዊድናውያን መሪ ጋር ተጋጭተው ለጊዜው ታሰሩ፤ ከኃላፊነታቸውም ለቀቁ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። ሮቢንሰን ግን በአዲስ አበባ ቀሩ፤ ማብረራቸውንና ማስተማራቸውንም አልተዉም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1954 ለአንድ ታማሚ በአስቸኳይ የሚያስፈልግ ደም ለማድረስ በትንሽ አውሮፕላን ተነሡ። አውሮፕላኑ ተከሰከሰ። አብሯቸው የነበረው ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ሞተ፤ ሮቢንሰንም ክፉኛ ተቃጥለው መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. ዐረፉ። ከ18 ዓመት በፊት የጣሊያንን ቦምብ ሸሽተው ይበሩ የነበሩት ሰው በመጨረሻው በረራቸው ከአንድ ኢጣሊያዊ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰው ሕይወት ለማትረፍ መነሣታቸው ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው። የተቀበሩትም በአዲስ አበባ ነው።

ዛሬ ከኢትዮጵያ ወደ ቅዱሳን ከተሞች የሚመጣ ሐጅ ቀይ ባሕርን በሰዓታት ተሻግሮ ጅዳ ያርፋል። የአባቶቻችን ጉዞ በበቅሎና በጀልባ ሳምንታትንና ወራትን ይፈጅ ነበር። ይህ ምቾት በገንዘብ ብቻ የተገዛ አይደለም፤ አንድ ትውልድ ለሌላው ሙያ ስላወረሰ የተገኘ ነው። የሮቢንሰን ሕይወት ለእኛ በስደት ላለነው የሚናገረውም ይኸው ነው። መጥረጊያ መያዝ አላሳነሳቸውም፤ በሚጠርጉበት ክፍል የተነገረውን ዕውቀት ሳይሰሙ ማለፍ ግን ያሳንሳቸው ነበር። የያዙትን ሥራ አክብረው፣ የሌላቸውን ዕውቀት ፈልገው፣ ያገኙትን ለሌላው አስተላለፉ።

እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ከአረፋ ክንፍ እየቆረጠ፣ ባትሪና ሞተር እያገጣጠመ የሚቀመጥ ልጅ ካለ ወላጅ በከንቱ ጨዋታ አይቁጠርበት። ፈቃዱንና ጥንቃቄውን ያስተምረው፤ ከዚያም የሞተሩን አሠራር፣ የክንፉን ምሥጢር፣ የሚዛኑን ስሌት እንዲጠይቅ ይተወው። ቺካጎ ውስጥ በሞተር ብስክሌት ሞተር የተነሣችው ትንሽ አውሮፕላን አንድን የጽዳት ሠራተኛ እስከ ኢትዮጵያ ሰማይ አድርሳዋለች።