አፄ ምኒልክ፣ ስልክ እና የመስሚያ መርጃ፦ ያልታሰቡ ጥቅሞች

ጆሯቸው የደከመ አባት ወይም እናት በቤትዎ ካሉ ነገሩን ያውቁታል። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ አንድ ነገር 3 ጊዜ ይደገምላቸዋል፣ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ እንዲያደርጉ ሲጠየቁ ግን እምቢ ይላሉ። ሰው ያየኛል፣ አረጀ ይሉኛል ብለው ይሰጋሉ። በምርመራ ክፍል ይህን ስጋት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አዲስ መሣሪያን መጠራጠር ግን በእርስዎ ቤት አልተጀመረም። በቤተ መንግሥትም ነበር። ስለዚህ ዛሬ የአፄ ምኒልክን ሕይወት በዚህ በኩል እንመልከት። ምኒልክ በመስማት ችግር የሚታወቁ ንጉሥ አይደሉም፤ ነገር ግን የዛሬው የመስሚያ መርጃ ቅድመ አያት የሆነውን ስልክ ወደ አገራችን ያስገቡት እሳቸው ናቸው።

ከአንጎለላ እስከ እንጦጦ

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩ፤ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ወደ 10 ዓመት ገደማ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ። በ1870ዎቹ መቀመጫቸውን እንጦጦ ላይ አደረጉ፤ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ጫኑ።

እንጦጦ ለጠላት የማይመች ከፍታ ነበር፤ ለነዋሪው ግን ብርዱና ነፋሱ ከባድ፣ የማገዶ እንጨቱም እየተመናመነ የሄደ ስፍራ ነበር። እቴጌ ጣይቱ የፍልውኃውን አካባቢ ወደውት በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ማገዶው እዚያም ስላጠረ ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። መፍትሔ የሆነው በዘመናቸው የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ የተተከለው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ነበር። ዛሬ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ሲንሸራሸሩ ጥላ የሚሆንዎት በአብዛኛው ያው ባሕር ዛፍ ነው። ለአንድ ነገር የመጣ ነገር ሌላ ጥቅም ይዞ ይገኛል። የመስሚያ መርጃም እንዲሁ ነው።

የተጠረጠረው ስልክ

ምኒልክ አዲስ ነገር መሞከር ይወዱ ነበር። ከስዊዘርላንድ በመጣው መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ እገዛ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገቡ። ስልክም በ1880ዎቹ ገባ። ሰው ሳይታይ ድምፁ መሰማቱ ያስደነገጣቸው ካህናት ነገሩን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙ። ምኒልክ ግን ስልኩን አላስወጡም። ከአድዋ ድል በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሽቦው ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ተዘረጋ፤ መልእክተኛ ብዙ ቀን የሚጓዝበትን መንገድ ቃል ወዲያው የሚሻገረው ሆነ።

ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር ነበር፤ እናቱም ሚስቱም የመስማት ችግር ነበረባቸው። የመጀመሪያዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የመስሚያ መርጃዎች የተሠሩት በስልክ ውስጥ ባለው ዓይነት ማይክሮፎን ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ የአሜሪካው ሚለር ሁቺሰን ሲሆን፣ ከተጠቃሚዎቹ አንዷ የእንግሊዟ ንግሥት አሌክሳንድራ ነበረች። እሷና ባሏ ኤድዋርድ 7ኛ እ.ኤ.አ. በ1902 ዘውድ ሲጭኑ ኢትዮጵያን ወክለው ለንደን የሄዱት ራስ መኮንን ናቸው። ንግሥት ያላፈረችበትን መሣሪያ እኛም ልናፍርበት አይገባም።

ሰዎች ሳያስቡት የሚያገኙት

የመስሚያ መርጃ የሚያደርግ ሰው የሚጠብቀው ንግግር መስማትን ነው። የሚከተሉት ብዙ ጊዜ ሳይታሰቡ ይመጣሉ።

- ድካም መቀነስ። በደንብ የማይሰማ ሰው ቀኑን ሙሉ ከንፈር እያየ፣ የጎደለውን ቃል እየገመተ ይውላል። ማታ የሚደክመው ለዚህ ነው። መሣሪያው ይህን ሸክም ያቀላል።
- የጆሮ ጩኸት መለዘብ። ጆሮ ውስጥ የሚጮኸው ድምፅ የውጭው ድምፅ ሲገባ ለብዙዎች ይደበዝዛል።
- የራስን ድምፅ መመጠን። ራሱን በደንብ የማይሰማ ሰው ሳያውቀው ይጮኻል፤ ቤተሰብም የተቆጣ ይመስለዋል። ብዙ የቤት ኩርፊያ መነሻው ይህ ነው።
- ደኅንነት። ከኋላ የሚመጣ መኪና፣ ምድጃ ላይ የሚገነፍል ድስት፣ የበር ኳኳታ ይሰማል።
- የተረሱ ድምፆች። የቡና መቁላት፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ በእንጦጦ መንገድ ላይ የወፍ ድምፅ። መስማት የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ሰው እነዚህ እንደጠፉበት የሚያውቀው ሲመለሱ ነው።
- አእምሮ። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 977 ሰዎችን ለ3 ዓመት ተከታትሏል። በጠቅላላው ልዩነት አልታየም፤ ለመርሳት ችግር ይበልጥ ተጋላጭ በነበሩት ላይ ግን መሣሪያውን ጨምሮ የመስማት ሕክምና ሲያገኙ የአእምሮ መዳከሙ በግማሽ ያህል ቀንሷል። መሣሪያው የመርሳት በሽታን ያስቀራል ማለት ግን አይደለም።

ዝም ያለው ቤተ መንግሥት

የምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ያሳዝናሉ። ስትሮክ ደጋግሞ መታቸው፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የደረሰባቸው ከባዱ መናገር አሳጣቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ድረስ በሕይወት ቢቆዩም አገር የሚያስተዳድሩበት ቃል አልነበራቸውም። ጣይቱ ከሥልጣን ከተገለሉም በኋላ እስከ ሞታቸው ከጎናቸው ሆነው አስታመሟቸው። ከዚያ ወደ እንጦጦ ወጥተው በዚያው ኖሩ፤ በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚያ ዘመን ለንጉሡ ንግግር የሚመልስ ሕክምና አልነበረም። ዛሬ ግን ሁለት ነገር ያስታውሱ። አንደኛ፣ ድንገት አንደበት ሲያዝ፣ ፊት ሲጣመም ወይም አንድ እጅ ሲዝል ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ሁለተኛ፣ ስትሮክ የደረሰበት አረጋዊ ጆሮውም ይታይለት። የንግግር ልምምድ የሚሰጠውን ባለሙያ ካልሰማ ልምምዱ አይረዳውም።

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ

መጀመሪያ ጆሮ ይታይ። አንዳንዴ ችግሩ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ነው፤ በክብሪት እንጨት አይቆርቁሩት፣ ዘይትም ያለ ሐኪም ምክር አይጨምሩ። የአንገት በላይ ሐኪም ካየው በኋላ የመስማት ልኬት ይደረጋል፤ መሣሪያውም በልኬቱ መሠረት ይስተካከላል። መስማት በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በ2 እና 3 ቀን ውስጥ ከጠፋ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይታከሙ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስቸግራሉ። የራስ ድምፅ በርሜል ውስጥ ያለ ይመስላል፣ የሳህን ኳኳታ ያስደነግጣል። በቀን ለጥቂት ሰዓት ጀምረው ይጨምሩ፤ ካልተመቸዎት መሣቢያ ውስጥ ከመጣል ተመልሰው ያስተካክሉት። ነጠላ ወይም ሻሽ ማይክሮፎኑን ሲነካው ይንኮሻኮሻል፤ የአፍ መሸፈኛ ሲያወልቁም መሣሪያው ተስቦ እንዳይወድቅ ይያዙት። እንጦጦ ላይ ነፋስ ሲበረታ በመሣሪያው ውስጥ ይጮኻል፤ ጆሮን ከነፋሱ ማዞር ይረዳል። ጠበል ለመጠመቅ የሚወጡ ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ያውልቁትና በደረቅ ዕቃ ያስቀምጡት፤ ውኃ ያበላሸዋል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። መሣሪያ ስላደረጉ ከሌላ ክፍል ሆነው አይጥሯቸው። ፊት ለፊት ሆነው፣ ሳይጮኹ፣ ረጋ ብለው ያናግሯቸው። እምቢ ካሉም ዕድሜያቸውን አያንሱባቸው፤ የትኛው ድምፅ እንደናፈቃቸው ይጠይቋቸው። የልጅ ልጅ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፣ ቅዳሴ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ድምፅ ሲሉ ለመሞከር ይስማሙ ይሆናል።