የጫማ ሠሪው ልጅ ጆርጅ ሜልዬስ፤ ሰውን ያለ ክንፍ ያበረረ ባለሙያ

አንድን አካል ከመሬት አንሥቶ በአየር ላይ ማኖር ለሠዓሊ ችግር ሆኖ አያውቅም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የተሣሉት መላእክት ክብደት የለባቸውምና ሠዓሊው ባሻው ከፍታ ላይ ያሰፍራቸዋል። የፊልም ሠሪው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ከካሜራው ፊት የሚቆመው ሥጋና አጥንት ያለው፣ ስድሳና ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ነው። በመካኒሳ አቦ ሠፈር በእጅ ስልኩ አጭር ፊልም ለመሥራት የተነሣ ወጣት፣ ገጸ ባሕርዩን ከቤት ጣራ በላይ ለማብረር ሲያስብ የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው። ሰው ማንጠልጠያ መሣሪያ የለውም፤ የሚከራይበትም ገንዘብ የለውም። ይህ ወጣት ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ከሚያደርጋቸው ሙከራዎች አብዛኞቹ ከመቶ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት በፓሪስ አጠገብ፣ በመስታወት በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ተሞክረው ውጤት ያስገኙ ናቸው። የሞካሪው ስም ጆርጅ ሜልዬስ ይባላል።

ሜልዬስ በፓሪስ ከተማ ዲሴምበር 8 ቀን 1861 ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የታወቀ ጫማ ፋብሪካ ባለቤት ስለ ነበር ልጁም በዚያው ሥራ እንዲተካው ይፈልግ ነበር። ወጣቱ ግን ልቡ ወደ ሥዕል አደላ። ያም ሆኖ በፋብሪካው ያሳለፈው ጊዜ በከንቱ አልቀረም፤ የተበላሹ የስፌት መኪናዎችን ሲፈታና ሲገጥም የመካኒክነትን ሙያ ቀሰመ። በ1884 ለንደን ሄዶ የእንግሊዞችን የምትሃት ትርኢት ተመለከተ። በ1888 ከአባቱ ሀብት የደረሰውን ድርሻ ለወንድሞቹ ሸጠና በገንዘቡ ሮበር ኡዳን የተባለውን የምትሃት ቴአትር ቤት ገዛ።

ዲሴምበር 28 ቀን 1895 የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ሲኒማቶግራፋቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ ሜልዬስ ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። መሣሪያውን ለመግዛት ቢጠይቅም አልሸጡለትም። በዚህ ጊዜ የስፌት መኪና ጠጋኝነቱ ጠቀመው። ከለንደን ሮበርት ፖል ከተባለው መሐንዲስ የፊልም ማሳያ ገዝቶ መጣና አሠራሩን መርምሮ ወደ ፊልም ማንሻነት ለወጠው። እንደሚተረከው፣ አንድ ቀን በከተማው አደባባይ ሲያነሣ መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ቆመ። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ አውቶቡስ የነበረው በድንገት ወደ አስከሬን ሠረገላ ተለወጠ። ታሪኩ ቢጋነንም ባይጋነንም፣ ሜልዬስ ካሜራን አቁሞ፣ ዕቃን ወይም ሰውን ለውጦ፣ እንደገና በማስጀመር ማንኛውንም ነገር ማጥፋትና ማምጣት እንደሚቻል ገና በ1896 ሠርቶ አሳይቷል።

በ1897 ሞንትረይ በተባለው ሥፍራ፣ የፀሐይ ብርሃን እንዲያስገባ ግድግዳውና ጣራው መስታወት የሆነ አዳራሽ ሠራ። ከቴአትር መድረክ የሚያውቃቸውን የወለል ክፍተቶች፣ መዘውሮችና ገመዶች ሁሉ አስገባበት። ሰውን በገመድ ማንሣት የቆየ የቴአትር ቤት ጥበብ ነው። የሜልዬስ ታላቅነት ግን የሚታየው ሰውን ሳያነሣ ባበረረበት ጊዜ ነው።

ከ1901 ሥራዎቹ አንዱን እንመልከት። በዚያ ፊልም አንድ ኬሚስት በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠን የሰው ጭንቅላት በወናፍ እየነፋ ያሳብጠዋል። ጭንቅላቱ የራሱ የሜልዬስ ነው፤ በውኑ ያበጠ ነገር ግን የለም። አካሉን እስከ አንገቱ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ በጥቁር መጋረጃ ፊት በወንበር ተቀመጠ፤ ወንበሩም ወደ ካሜራው ተጎተተ። አራት ሜትር ርቆ የነበረ ነገር አንድ ሜትር ሲደርስ ምስሉ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ሒሳቡ ይኸው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከካሜራው ዓይን ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነገር ሲቀርብ በምስሉ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። አንገቱ ከጠረጴዛው እንዳይለቅ ወንበሩ በተዳፋት ላይ ወደ ላይ እየወጣ መምጣት ነበረበት። ጥቁር ጨርቅ በፊልሙ ላይ ምንም ብርሃን አያሳርፍም፤ ስለዚህ ያንኑ ፊልም ወደ ኋላ መልሶ ጥቁር በሆነው ሥፍራ ሌላ ምስል መጨመር ይቻላል። በ1900 በሠራው አንድ ፊልም ሜልዬስ በዚህ ዘዴ ራሱን ሰባት ሙዚቀኛ አድርጎ አንድ ላይ አስቀምጧል። አንዱ ጊዜ ቢበላሽ ስድስቱም አብረው ይበላሻሉ። የዛሬው ወጣት የሚዘረጋው አረንጓዴ ጨርቅ የዚያ ጥቁር ጨርቅ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ይግባ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ሰይጣን ቤት የሚል ስም እንዳወጣለት ይታወቃል። እንዲህ ባለው ስም መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ጭንቅላቱን ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው በፊልም ላይ ማየት ለፓሪስ ሰውም ቢሆን የሚያስደነግጥ ነበር።

ለመብረር ከሁሉ የሚቀርበው በ1902 የሠራው ዘዴ ነው። በዚህ ፊልም አንድ ሰው እንደ ዝንብ በግድግዳ ላይ ወጥቶ ይጨፍራል። ግድግዳው በወለል ላይ የተሣለ ሥዕል ሲሆን ካሜራው ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያየዋል። የሚወድቅ የለም፤ ተዋናዩ መሬት ላይ ነውና። ዘዴው ዛሬም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መካኒሳ አቦ አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ሰገነት ላይ ስልኩን በደንብ አሥሮ ወደ ግቢው ሲሚንቶ ያነጣጠረ ወጣት፣ ወለሉን በኖራ ሰማይና ደመና አድርጎ ቢሥለውና ጓደኛውን በሆዱ ቢያስተኛው የሚበር ሰው ያገኛል። ጥንቃቄ የሚያሻው ለጥላው ነው። ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ጥላው ወለሉ ላይ ተለጥፎ ምሥጢሩን ያወጣል፤ ቀኑ ደመናማ ቢሆን ይመረጣል። ልኩ ባልታወቀ ገመድ ሰው ከማንጠልጠል ይህ እጅግ ይሻላል። ገመድ ቆሞ የተሸከመውን ክብደት ሰውየው ሲወዛወዝ ላይችለው ይችላል።

በዚያው በ1902 ሜልዬስ ወደ ጨረቃ የሚደረግን ጉዞ የሚያሳየውን ዝነኛ ፊልሙን አወጣ። ርዝመቱ አሥራ አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ጨረቃዋ እየቀረበች ስትመጣ የሚታየው ያው የተዳፋቱ ዘዴ ነው፤ የሚቀርበው ካሜራው ሳይሆን ጨረቃዋ ናት። ፊልሙ በአሜሪካ ያለ ፈቃድ እየተባዛ ሲሸጥ ትርፉን ሌሎች ወሰዱት። በሚቀጥለው ዓመት ወንድሙ ጋስቶን መብቱን ለማስከበር በኒው ዮርክ ቢሮ ከፈተ፤ ነገር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው የውድቀት ታሪክ ነው። በ1911 ፓቴ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ንብረቱን በመያዣነት ሰጠ፤ ፊልሞቹም አልሸጡ አሉ። በ1913 ሚስቱ ሞተች፣ በሚቀጥለው ዓመትም ጦርነቱ መጣ። በ1917 የፈረንሳይ ጦር ከአራት መቶ በላይ የሜልዬስ ፊልም ቅጂዎችን ወስዶ ብርና ሴሉሎይድ ለማውጣት አቀለጣቸው፤ ሴሉሎይዱም የጫማ ታኮ ተሠራበት። ከጫማ ፋብሪካ ሸሽቶ የወጣው ሰው ሥራው በወታደር እግር ሥር ዋለ። በ1923 ቴአትር ቤቱ ለመንገድ ሥራ ፈረሰ፣ የሞንትረይም ንብረት ከእጁ ወጣ። በንዴትም የቀሩትን ኔጋቲቮች በገዛ እጁ አቃጠላቸው። አምስት መቶ ከሚበልጡት ፊልሞቹ ዛሬ የሚገኙት ሁለት መቶ ያህል ብቻ ናቸው። ሌላው ቀርቶ በእጁ የነበሩትን እንኳ ባያቃጥል ኖሮ ስንቱ ይተርፍ ነበር!

በ1925 የቀድሞ ተዋናዩን ዣን ዳልሲን አገባና በሞንፓርናስ የባቡር ጣቢያ የአሻንጉሊትና የከረሜላ ሱቅ ከእርሷ ጋር ይጠብቅ ጀመር። ጋዜጠኞች አግኝተውት በ1929 በክብሩ የፊልም ምሽት ተዘጋጀለት፤ በ1931 ሌዥዮን ዶነር የተባለውን ኒሻን ተቀበለ። የሸለመውም ሉዊ ሉሚየር ነበር። የመጨረሻ ዓመታቱን በኦርሊ በሚገኝ የጡረተኞች ቤት አሳልፎ ጃንዋሪ 21 ቀን 1938 ዐረፈ።

የጨረቃው ፊልም በእጅ ቀለም የተቀባ አንድ ቅጂ በ1993 በባርሴሎና ተገኘ። ጥቅሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ባለሙያዎች ምስሎቹን እየፈለቀቁ አድሰውት በ2011 በካን የፊልም በዓል ላይ ታየ።