ሐኪሙ ሪንገርና የፖታሲየም በር

እኛ ከደብረ ታቦር የመጣን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ልብና ስለ ጨው ለመጻፍ ስንነሣ፣ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ምን አገባችሁ እንደሚሉን እናውቃለን። ነገር ግን ከመካከላችን ለዕረፍት ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ተቅማጥ ያደከመውን ጎረቤቱን ለመጠየቅ ሐኪም ቤት የገባ ሁሉ ከበሽተኛው ራስጌ የተሰቀለውን ከረጢት አይቷል። ሕዝቡ በጅምላ ግሉኮስ ይለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን በላዩ የተጻፈው ሪንገር የሚል ስም ነው። ይህ የሰው ስም መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ሲድኒ ሪንገር በ1830ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ከተማ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሕክምና ተምሮ፣ በዚያው በኮሌጁ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። በ1869 ያሳተመው የመድኃኒት መጽሐፍም ደጋግሞ ታትሞለታል።

እርሱ ገና ወጣት ሐኪም ሳለ፣ በ1866 ኮሌራ ወደ ሎንዶን ምሥራቃዊ ሰፈሮች ገብቶ ከ5 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። በዚያው ዓመት ይኸው በሽታ ጣና ዳር በቆራጣ በሰፈረው በአፄ ቴዎድሮስ ጦር ላይ ወደቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሰፈሩን አስነቅለው ወደ ደጋው ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። በሎንዶንም ሆነ በቆራጣ ከበሽተኛው ሰውነት የሚፈስሰው ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ከውሃው ጋር ጨዎች አብረው ይወጡ ነበረ፤ ከነዚህም አንዱ ፖታሲየም ነው። በ1832 ቶማስ ላታ የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም በደም ሥር ጨዋማ ውሃ መስጠትን ሞክሮ ነበረ፤ ዘዴው ግን ሳይለመድ ቀረ።

ሪንገር በሽተኞቹን ከማየት የተረፈውን ጊዜ በቤተ ሙከራ ያሳልፍ ነበረ። የእንቁራሪት ልብ ከአካሏ አውጥቶ ጨው በሟሟበት ውሃ ቢያኖረው፣ ልቡ ለብዙ ጊዜ ሲመታ አየ፤ ይህንኑም በ1882 ጽፎ አሳተመ። ኋላ ግን ውሃው የተጣራ ሳይሆን ከቧንቧ የተቀዳ መሆኑን ደረሰበት። በተጣራ ውሃ ሲደግመው ልቡ ብዙም ሳይቆይ ደክሞ ቆመ። ስመ ጥር ሐኪም ነበረና ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? እርሱ ግን በ1883 ስሕተቱን በገዛ እጁ ጽፎ አወጣ። በቧንቧው ውሃ ውስጥ ልቡን ያቆየው ካልሲየም ነበረ። ከዚህ ተነሥቶ ልብ እንዲመታ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም በየልካቸው እንደሚያስፈልጉ አስረዳ። ፖታሲየም ከልኩ ሲያልፍ ልቡ እንደ ላላ ቆሞ ይቀራል።

ይህ ስለ ምን እንደሚሆን ሪንገር ሊያውቅ አልቻለም። ዛሬ እንደምናውቀው፣ በሕዋስ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከውጭ ካለው ሠላሳ እጥፍ ያህል ይበልጣል። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ከአራት የፕሮቲን ክፍሎች የተገጠመ ጠባብ በር አለ፤ ፖታሲየምን ያሳልፋል፣ በመጠን የሚያንሰውን ሶዲየምን ግን ይከለክላል። የዚህን በር ቅርጽ በ1998 ያሳየው ሮደሪክ ማኪነን በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። በሰው ልብ ውስጥ ካሉት አንዱ ኸርግ ይባላል፤ ልብ ከመታ በኋላ ፖታሲየም በዚህ በር ሲወጣ፣ ሕዋሱ ዐርፎ ለሚቀጥለው ምት ይዘጋጃል። በሩ በትውልድ ወይም በመድኃኒት ከተበላሸ ዕረፍቱ ይዘገያል፤ ምቱም ተዛብቶ ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል። በደም ውስጥ ፖታሲየም ከመጠን በላይ ሲበዛ ደግሞ የውስጡና የውጭው ልዩነት ይጠብባል፤ ሕዋሱም ለመምታት ወደሚዘጋጅበት ዕረፍት መመለስ ያቅተዋል። የእንቁራሪቷን ልብ ያቆመውም ይኸው ነው።

ሪንገር በቤቱ ኀዘን አላጣውም። ሴት ልጁ በልጅነቷ ሞታበት፣ ለመታሰቢያዋ በ1879 በዮርክሻየር የላስቲንግሃምን ቤተ ክርስቲያን አሳደሰ። በ1910 የሞተውም በዚያችው መንደር ነው። ከ1930ዎቹ ወዲህ አሌክሲስ ሃርትማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሪንገር ውሃ ላይ ላክቴት ጨመረበት፤ ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሰቀለው ይህ ነው። በየጤና ጣቢያው የሚታደለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም ፖታሲየም አለበት።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ያላነበብነውን መጽሐፍ እንዳነበብን አድርገን የምንጽፍ እኛ ከዚህ ሰው የምንማረው አለን። በ1883 ስለ ቧንቧው ውሃ ባይናዘዝ ኖሮ፣ ከረጢቱ ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት ለማወቅ ሌላ ሰው እስኪደርስ መጠበቅ ነበረብን። እንዲህ ያለው መዘግየት በቆራጣ ምን እንዳስከፈለ አገራችን ታውቀዋለች።