ሦስት እጅ ያለው ካርቦን

ካርቦን አራት እጅ አለው ይባላል፤ ይኸውም ከአራት አቶሞች ጋራ ይያያዛል ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሊቃውንቱ ባለ ሦስት እጅ ካርቦን ተነጥሎ ሊገኝ አይችልም ብለው ደምድመው ነበር። ይህን ድምዳሜ ያፈረሰውን የሞሰስ ጎምበርግን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጎምበርግ በ1866 ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር ተወለደ። አባቱ በንጉሡ መንግሥት ላይ አሢረሃል ስለ ተባለ ቤተ ሰቡ በ1884 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ወጣቱ በቺካጎ የከብት ማረጃ ሠፈር በጉልበቱ እየሠራ ኖረ፤ በ1894 በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ።

በ1900 ሁለት ካርቦኖችን በብር አማካይነት ለማጋጠም ሲሞክር ነጭ ዱቄት አገኘ። ሲመረምረው ካርቦኑና ሃይድሮጂኑ ተደምረው ከመቶ 94 ያህል ብቻ ሆኑ። ዕቃው ቆሽሾ ነው ብሎ መተው ቀላል ነበረ። እርሱ ግን ሥራውን ደጋግሞ፣ የጐደለው ከአየር የገባ ኦክሲጅን መሆኑን ደረሰበት። አየር በማይነካው ዕቃ ሲሠራው ብጫ ፈሳሽ ሆነ፤ አየር ሲነካው ቀለሙ ጠፋ። አንድ እጁ ባዶ የሆነ ካርቦን ያገኘውን ለመያዝ ይቸኩላልና። ይኸኛው ሊቆይ የቻለው ሦስት ትላልቅ የካርቦን ቀለበቶች ስለ ከበቡት ነው።

ብዙዎች ለዓመታት ተጠራጠሩት። ጎምበርግ በ1947 ዐረፈ። በ1968 ሁለቱ ካርቦኖች የሚጋጠሙበት መንገድ እርሱ ካሰበው የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ ባለ ሦስት እጁ ካርቦን ግን እውነት ሆኖ ጸና። ዛሬ የላስቲክ አሠራርም ሆነ የዘይት መበላሸት የሚገለጠው በዚሁ ዕውቀት ነው። ስሌት አልሞላ ሲል ጉድለቱን መመርመር እንዲህ ያለ ፍሬ ይሰጣል።