ትንሿ መኪናና ግትሩ አባቷ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ መኪና ሊገዛ ተነሳና ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። የፈለገው ቪትዝ ነው። ነገር ግን እንደ ብዙው ሰው ተራዋን ቪትዝ ሳይሆን አር ኤስ የምትባለውን፣ ሞተሯ ጠንከር፣ ሞላዋ ጠጠር ያለውን ስፖርት ቢጤ ነው። እናቱ በበኩሏ ከቤት ሥራ የምታደርስ፣ ነዳጅ የማታባክን፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ የሚገኝ መኪና ትበቃዋለች ብላ ድርቅ አለች። ለእሷ ትንሽ መኪና የምትመዘነው በአገልግሎቷ ነው። ለልጁ ደግሞ ነጂዋን የማታስደስት መኪና መኪና አይደለችም። በመጨረሻ ሕግ ተምሯል ተብሎ ዳኝነቱ በእኔ ላይ ወደቀ።

ዳኛ መዝገብ ሳያገላብጥ አይፈርድምና እኔም የትንንሽ መኪኖችን ታሪክ ማገላበጥ ያዝኩ። ይኸው ክርክር ከ60 ዓመታት በፊት በእንግሊዝ አገር፣ በሁለት ወዳጆች መካከል ተነስቶ አገኘሁት። ከሁለቱ አንዱ ሚኒ የተባለችውን መኪና የነደፈው አሌክ ኢሲጎኒስ ነው። ሠሪውን ሳያውቁ ሥራውን መዳኘት አይሆንምና ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት ላጫውታችሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢሲጎኒስ የተወለደው በ1906 በኦቶማን ቱርክ ግዛት፣ በዮሐንስ ራእይ ሰምርኔስ ተብላ በምናውቃት በዛሬዋ ኢዝሚር ነው። አባቱ የእንግሊዝ ዜግነት ያለው ግሪካዊ ሲሆን የመርከብ ሞተር ሥራ ድርጅት ነበረው። የእናቱ ዘር ከጀርመን ባቫርያ ነው። በ1922 የቱርክ ጦር ከተማዋን ሲይዝ እንግሊዞች ዜጎቻቸውን በመርከብ ጭነው ወደ ማልታ አሸሹ። የኢሲጎኒስ ቤተሰብም ሀብቱን ጥሎ ከተሰደዱት አንዱ ሆነ። አባት ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የ16 ዓመቱ ልጅና እናቱ በ1923 እንግሊዝ ሲገቡ የነበራቸው ሁሉ ከኋላቸው ቀርቶ ነበር። ባዶ እጁን የተሰደደ ሰው ከዚያ በኋላ የማያስፈልግ ነገር ማየት ቢጠላ አልፈርድበትም።

ለንደን ውስጥ ባተርሲ ፖሊቴክኒክ ገብቶ ምህንድስና ተማረ። በሒሳብ ፈተና ሦስት ጊዜ ወደቀ። ከሒሳብ ሸሽቼ ሕግ ፋኩልቲ የገባሁት እኔ ይህን ሳነብ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ኢሲጎኒስ ግን ከሒሳብ እንጂ ከምህንድስና አልሸሸም። የሚያስበውን በእጁ ይስለው ነበር። ሠራተኞቹ በቁራጭ ወረቀት ላይ የነደፈውን እያዩ ወደ ብረት ይለውጡለት ነበር።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። ይህ ሰው በወጣትነቱ እሽቅድምድም ወዳድ ነበር። በትንሿ ኦስቲን ሰቨን ይወዳደር ነበር። ከዚያም ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ በትርፍ ጊዜው፣ ዓመታት የፈጀች ቀላል የውድድር መኪና በእጁ ሠርቷል። ትንሽ መኪና መፍጠን እንደምትችል ከማንም በላይ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በ1936 ሞሪስ ኩባንያ ተቀጠረ። በ1948 የወጣችው ሞሪስ ማይነር የእሱ ሥራ ናት። መኪናዋ ልትመረት ስትቃረብ ጠባብ መስላ ስለታየችው ናሙናዋን ለሁለት አሰነጠቃትና 4 ኢንች አሰፋት። የኩባንያው ባለቤት ሎርድ ናፊልድ መልኳን ጠልቷት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወደዳት። ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ተሠራች። ኢሲጎኒስም ከዚህ አንድ ትምህርት ወሰደ፤ አለቃም ሆነ ኮሚቴ ቢቃወመው ከሐሳቡ ፍንክች ላለማለት። ይህ ትምህርት ኋላ ጠቅሞታል፤ ጎድቶታልም።

በ1956 ግብፅ የስዊዝ ቦይን ወረሰች፤ ጦርነት ሆነ፣ ቦዩ ተዘጋ። እንግሊዝ ውስጥ ቤንዚን በኩፖን መታደል ጀመረ። ሕዝቡ ሦስትና አራት ጎማ ወዳላቸው፣ እንቁላል ወደሚመስሉ የጀርመን ደቃቃ መኪኖች ዞረ። በእነዚህ መኪኖች የተበሳጨው የቢኤምሲ ኩባንያ ኃላፊ ሌናርድ ሎርድ ኢሲጎኒስን ጠርቶ አራት ሰው በወጉ የምትጭን ትንሽ መኪና እንዲሠራ በ1957 አዘዘው። ሞተሩ ግን ኩባንያው ከሚሠራቸው መሆን ነበረበት።

መፍትሔውን ለመረዳት ላዳ ታክሲንና ቪትዝን ማነጻጸር ይበቃል። ላዳ ሞተሯ ከፊት ወደ ኋላ በቁመት የተቀመጠ ነው። ከኋላው ካምቢዮው ይከተላል፣ ከዚያ ረጅም ዘንግ በመኪናዋ ሆድ ሥር አልፎ የኋላ ጎማዎችን ያዞራል። ያ ሁሉ ቦታ ከሰው የተወሰደ ነው። ኢሲጎኒስ ሞተሩን ከግራ ወደ ቀኝ በአግድም አስቀመጠው፤ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር የዘይት ቋት ውስጥ ከተተው፤ የፊት ጎማዎች እንዲነዱ አድርጎ ዘንጉን አስቀረው። ጎማዎቹን ወደ 10 ኢንች አሳንሶ ወደ አራቱ ማዕዘን ገፋቸው። በብረት ሞላ ፋንታ አሌክስ ሞልተን የተባለው ወዳጁ የነደፈውን የላስቲክ ሞላ ተጠቀመ። እርዝመቷ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ገደማ ከሆነው መኪና ውስጥ 80 በመቶ የሚሆነው ወለል ለሰውና ለዕቃ ተረፈ።

የፊት ጎማ የሚነዳ መኪናም ሆነ አግድም ሞተር ከእሱ በፊት ነበር። ሁሉንም በዚህች ጠባብ ስፍራ አስማምቶ ለሚሊዮኖች ያደረሰ ግን እሱ ነው። ዛሬ ቪትዝን ጨምሮ በመንገዳችን ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ሞተራቸው በአግድም ነው፣ የሚነዱትም የፊት ጎማዎች ናቸው።

ሚኒ በነሐሴ 1959 ወጣች። ዋጋዋ ከ500 ፓውንድ በታች፣ ሞተሯ 848 ሲሲ፣ ጉልበቷ 34 የፈረስ ጉልበት ነበር። እንከን አልነበራትም ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዝናብ ሲዘንብ ወለላቸው ውሃ ያስገባ ነበር። ሬዲዮ አልተገጠመላትም፤ ኢሲጎኒስ ነጂን ያዘናጋል ባይ ነበር። መቀመጫዋም ምቾት የላትም ተብላ ታምታለች፤ እሱ ግን ነጂ እንዲነቃ እንጂ እንዲመቸው አይፈልግም ነበር። ከሁሉ የከፋው ሒሳቡ ነው። ተፎካካሪው ፎርድ አንዲት ሚኒ ብሎን በብሎን ፈትቶ ወጪዋን ሲያሰላ፣ ቢኤምሲ በእያንዳንዷ መኪና ወደ 30 ፓውንድ እየከሰረ ነው ከሚል ድምዳሜ ደረሰ። ኩባንያው ይህን አልተቀበለም። ትርፏ ቀጭን እንደነበር ግን የሚክድ የለም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ጆን ኩፐር የኢሲጎኒስ ወዳጅ ነው። የውድድር መኪኖቹ በ1959 እና በ1960 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። ኩፐር ሚኒን ነድቶ ሲያያት፣ በመታጠፊያ ላይ መንገድ እንደ ሙጫ ስትይዝ ተገረመ። ሞተሯ ጠንከር ቢል፣ ፍሬኗም ቢሻሻል ብሎ ለወዳጁ ሐሳብ አቀረበ። ኢሲጎኒስ አልተዋጠለትም። ለእሱ ሚኒ የሠራተኛው፣ የነርሷ፣ የመምህሩ መኪና ናት። ያ የቀድሞ ተወዳዳሪ ልጁን ለውድድር መዳር አልፈለገም። ኩፐርም ወደ ላይ ይግባኝ አለ። የኩባንያው ኃላፊ ጆርጅ ሃሪማን ለሙከራ 1,000 መኪና ይሠራ ብሎ ፈቀደ። በ1961 ሚኒ ኩፐር 997 ሲሲ ሞተርና 55 የፈረስ ጉልበት ይዛ ወጣች፤ የፊት ፍሬኗም ወደ ዲስክ ተለወጠ። በ1963 ኩፐር ኤስ በ70 የፈረስ ጉልበት ተከተለቻት።

ቀሪውን የሞንቴ ካርሎ ራሊ ይመስክር። በ1964 ፓዲ ሆፕከርክ፣ በ1965 ቲሞ ማኪነን በሚኒ ኩፐር ኤስ አሸነፉ። በ1966 ሚኒዎች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ተከታትለው ገቡ። አዘጋጆቹ መኪኖቹን ለሰዓታት ፈትተው መረመሩ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት የፊት መብራታቸው አምፖል ነው፤ ብርሃን ዝቅ የሚደረግበት መንገድ ደንቡን አያሟላም ተባለ። ሦስቱም ተሰረዙ፤ ዋንጫው ለሲትሮን ሄደ። እንደ ሕግ ሰው ደንብ ደንብ ነው እላለሁ። ነገር ግን ቅጣት ከጥፋት ጋር መመዛዘን አለበት፤ ሞተር ላይ ያልተገኘ ወንጀል አምፖል ላይ ሲፈለግ ዳኛው ራሱ ይጠረጠራል። ሚኒ በ1967 በራውኖ አልቶነን እጅ ተመልሳ አሸነፈች። ከዚህ የተሻለ ይግባኝ አላውቅም።

ለኢሲጎኒስ ክብሩ በዛለት፤ በ1969 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። የሥራ ፀሐዩ ግን እየጠለቀች ነበር። ሚኒን የምትተካ፣ ከእሷ ያጠረች፣ ክፍሎቿ ያነሱና ወጪዋ የቀለለ ናይን ኤክስ የተባለች መኪና ነድፎ ነበር። ያቺ የቆየች የሒሳብ ስህተቱን የሚያርምባት ሥራ ናት። በ1968 ከሌይላንድ ጋር በተደረገው ውህደት የመጡት አዲስ አለቆች ግን አላስቀጠሏትም፤ ከቴክኒክ ኃላፊነቱም አነሱት። በ1971 ጡረታ ወጣ። የኩፐር ስምም በዚያው ዓመት ከመኪናዋ ተነሳ። ከውህደቱ የተፈጠረውን ኩባንያ በ1975 መንግሥት ከውድቀት ለማዳን ወረሰው። ሚስት ያላገባው ኢሲጎኒስ አብራው የተሰደደችው እናቱ በ1972 እስክትሞት ድረስ ከእሷ ጋር ኖረ። እሱም በ1988 በርሚንግሃም ውስጥ አረፈ። ሚኒ እስከ 2000 ተመረተች፤ ከ5.3 ሚሊዮን በላይ ሆነች።

እንግዲህ ፍርዱን ልስጥ። ኢሲጎኒስ ትንሽ መኪና በመጀመሪያ በአገልግሎቷ ትመዘን ማለቱ ልክ ነው። ኩፐርን መጠራጠሩ ግን ስህተት ነበር። ለአራት ሰው ቦታ የፈጠረው ጎማዎችን ወደ ማዕዘን መግፋቱ ነው፤ መታጠፊያ ላይ ያሸነፈውም ያው ነው። ስፖርቷ መኪና የተራዋ ከዳተኛ ሳትሆን ምስክሯ ነበረች። ኢሲጎኒስን የጎዳው የወዳጁ ውድድር ሳይሆን እሱ የናቀው ሒሳብ ነው፤ በፈተና ሦስት ጊዜ የጣለው ሒሳብ በገበያም ተከተለው።

የእህቴን ልጅ አስጠርቼ ይህንኑ ነገርኩት። መጀመሪያ አራት ሰው በወጉ ትጫን፣ ቀጥሎ ፍሬኗ ከጉልበቷ ይመጣጠን፣ ከዚያ ትፍጠን። ኩፐር ጉልበት ሲጨምር ፍሬንም ጨምሯል። ልዩነቷ የሚጮህ ማርሚታና በጎኗ የተለጠፈ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ግን እናትህ ረታለች አልኩት። ከዚያም ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቼው የዓመቱን ነዳጅ፣ ጎማና ጥገና ደምሮ እንዲያመጣልኝ አዘዝኩት። እስካሁን ደምሮ አልጨረሰም።

ቸር ሰንብቱ።