ራሱን የሚፈጭ ቆሽት፦ የሐንስ ኪያሪ ሕይወትና ሥራ

አማርኛ ተናጋሪ አብዝቶ ሲናደድ ቆሽቴ አረረ ይላል። ቆሽት በእውነት የሚያርበት ሕመም አለ፤ የሚያቃጥለውም የገዛ ጭማቂው ነው። ይህን ያመለከቱት ኦስትሪያዊው የፓቶሎጂ ሊቅ ሐንስ ኪያሪ ናቸው።

ኪያሪ እ.ኤ.አ. በ1851 በቪየና ተወለዱ። አባታቸው የማህፀንና የወሊድ ሐኪም ነበሩ። በዚያው ከተማ ሕክምና አጥንተው የስመ ጥሩው የካርል ሮኪታንስኪ ረዳት ሆኑ። በሮኪታንስኪ ዘንድ ሐኪሙ በአልጋ አጠገብ የገመተው ሁሉ በአስከሬን ምርመራ ይመሳከር ነበርና፣ ኪያሪም ይህን ልማድ ይዘው በ1882 ወደ ፕራግ ተዛወሩ፤ ከ20 ዓመት በላይም በዚያ አስተማሩ።

የቦስተኑ ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ በ1889 የድንገተኛ ቆሽት ብግነትን ምልክቶች አጥርተው ጽፈው ነበር፤ መንሥኤው ግን አልተፈታም። ኪያሪ በ1896 ባወጡት ጽሑፍ ቆሽት ምግብ በሚፈጭበት ጭማቂ ራሱን እንደሚፈጭ አስረዱ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ቆሽት ከሞት በኋላም ፈጥኖ ራሱን ይፈጫልና፣ በአስከሬን ላይ የታየው ጥፋት ሕመምተኛውን የገደለው ነው ወይስ ከሞቱ በኋላ የደረሰ? ሕያው ሥጋ ሲጎዳ ይደማል፣ ይቆጣል፤ በድን ግን አይቆጣም። ፍርዱ የሚሰጠው በጥፋቱ ዙሪያ ያለውን በማየት ነው።

ኋላ የመጣው ጥናት ሐሳባቸውን አጸና፤ ደግሞም አሰፋ። ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም በደኅና ጊዜ የሚነቃው ትንሹ አንጀት ሲደርስ ነው። በሐሞት ጠጠር ወይም በአልኮል ሳቢያ በቆሽቱ ሴል ውስጥ ያለ ጊዜው ከነቃ ግን ጥፋት ይጀምራል። ሆኖም አጥፊው ኢንዛይም ብቻ አይደለም። በተጎዳው ሴል ሚቶኮንድሪያና ወደ ስፍራው በሚጎርፉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ጐጂ የኦክስጅን ውሁዶች ይበዛሉ፤ እነርሱን የሚያመክነው ግሉታታዮን ይመናመናል፤ የሴሉ ሽፋን ስብም ይበላሻል። ይህ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰፊው ተጠና። መንገዱ ከታወቀ መድኃኒቱ ቀርቧል የሚል ተስፋም አሳደረ፤ ነገር ግን በ2007 የታተመ የእንግሊዝ አገር ሙከራ ኤን አሴቲል ሲስቴይን፣ ሴሌኒየምና ቫይታሚን ሲ በደም ሥር ቢሰጡም ለሕሙማኑ ጥቅም አላሳየም። ሕክምናው ዛሬም በዋናው ፈሳሽ መስጠት፣ ሥቃይን ማስታገስና የተጎዱትን የአካል ክፍሎች መደገፍ ነው።

ኪያሪ በ1906 በጊዜው በጀርመን ግዛት ወደነበረችው ስትራስቡርግ ሄደው፣ እዚያው በ1916 አረፉ። ስማቸው በሐኪሞች ዘንድ ይበልጥ የሚነሣው በ1891 በገለጡት የኋለኛው አንጎል መዛባት ነው።